ሐሙስ ወደ አየርላንድ እንበራለን፤ ያገኘናት ሜሪ ግን የእኛ አይደለችም

ሰብለ (ጠያቂ)፦ ጉዳዩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ እገባለሁ። የባለቤቴ ቤተሰቦች ከአየርላንድ ወደ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን አማቴን የአያታቸውን የሜሪ ሱሊቫንን መንደር ልናሳያቸው ሐሙስ ማታ ወደ ደብሊን እንበራለን። በኮርክ አውራጃ በ1866 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተጠመቀች ሜሪ አግኝተን ማረፊያ የያዝነው በዚያው አካባቢ ነው። ትናንት ሌሊት ግን የሞት መዝገቡን ስመለከት ያቺው ልጅ በ1872፣ በስድስት ዓመቷ ማረፏን አየሁ። ሞቷን ያስመዘገበው አባቷ ነው፤ መጻፍ ስለማይችል ከስሙ አጠገብ የመስቀል ምልክት አድርጓል። አማቴ ገና አልሰሙም። የእኛዋ ሜሪ በ1888 ስለመጡ በኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ በነበረው በኤሊስ ደሴት መዝገብ ፈለግኋቸው፤ የሉም። ስማቸውን እዚያ ቀይረውባቸው ይሆን?

መምህር ተስፋ፦ ከሁሉ አስቀድሞ የሰነዶቹን ታሪክ ማወቅ ይገባዎታል። በሰኔ 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ የደብሊን ቤተ መዛግብት ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች በአብዛኛው አመድ ሆኑ፤ የ1861ንና የ1871ን መንግሥት ራሱ ቀድሞ አስወግዷቸው ነበር፤ የ1881ና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ተፈጭተዋል። ተሟልተው የቀሩት የ1901ና የ1911 ናቸው።

የቂርቆስ ልጅ፦ ሱሊቫንን በኮርክ መፈለግ ከበደን በጎጃም እንደ መፈለግ ነው። ማረፊያውን ግን እንዳትሰርዙ፤ የትኛውንም በር ብታንኳኩ ሱሊቫን ይከፍትላችኋል።

ዳዊት፦ ኦሱሊቫን ብለሽ በኤሊስ ደሴት ደግመሽ ፈልጊ።

ሄለን፦ ጥያቄው ራሱ መታረም አለበት። ኤሊስ ደሴት የተከፈተው ጥር 1 ቀን 1892 ስለሆነ በ1888 የመጣ ሰው እዚያ ሊገኝ አይችልም። ስም ተቀየረ የሚባለውም ተረት ነው፤ ጸሐፊዎቹ ይሠሩ የነበረው መርከቡ ከመነሻው ይዞት በመጣው ዝርዝር ነው። ለመሆኑ የገቡት በየትኛው ወደብ ነው?

ሰብለ፦ ወደቡን አናውቅም። ያገቡት ግን ቦስተን ነው፣ በ1893። ይህንንም መጻፍ ነበረብኝ?

እማማ ወርቄ፦ ልጄ፣ ቤተሰቡን ለመጣል አትቸኩዪ። በዚያ ዘመን አየርላንዳውያን ልጅ ሲሞትባቸው ስሙን ለሚቀጥለው ልጅ መልሰው ማውጣታቸው የተለመደ ነበር፤ እኛ ምትኩ ወይም ካሳ እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ የሞተችው ሜሪ ለእናንተዋ ሜሪ ታላቅ እኅት ልትሆን ትችላለች። ከ1872 በኋላ ለእነዚያው ወላጆች የተወለደች ሜሪ መኖሯን ተመልከቺ። የማሳቹሴትስ የጋብቻ መዝገብ የሙሽሪትን ዕድሜና የወላጆቿን ስም ይይዛል። የአየርላንድ የልደት መዝገብ ደግሞ ከ1864 ጀምሮ እናትን ከነአባቷ ቤት ስም የሚጽፍ ሲሆን የተወለደችበትን መንደርም ይጠቅሳል፤ ምስሉም በመንግሥቱ የትውልድ ፍለጋ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። ሁለቱ መዝገቦች ከገጠሙ ጉዞአችሁ አልተበላሸም።

ሰብለ፦ የጋብቻው መዝገብ አሁን ፊቴ ተከፍቷል። ዕድሜያቸውን 20 ይላል! የ1866ቷ ቢሆኑ 27 ገደማ መሆን ነበረባቸው፤ ዕድሜ ቀንሰው ነው ብለን ስቀን ያለፍነው ነው። የአባትየው ስም ገጥሟል። የእናትየዋ ግን ሃና ከሚለው በኋላ ቀለም ፈስሶበት አይነበብም።

እማማ ወርቄ፦ ሃና የሚለው ብቻውን አያስተማምንም፤ እዚያ አገር ሃና ብዙ ናት። ቦስተን ውስጥ ያገባ ወንድም ወይም እኅት ካላቸው የእነሱ የጋብቻ መዝገብ ያንኑ የእናት ስም ያወጣልሻል፤ የሜሪ የራሳቸውም የሞት መዝገብ እንዲሁ።

ዳዊት፦ ኦሱሊቫን ብለሽ ሞከርሽ?

የቂርቆስ ልጅ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው። ለአማትሽ ነገርሻቸው ወይስ አውሮፕላኑ ላይ ልትነግሪያቸው ነው?