ለማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን የምናቀርበው ዝግጅት፦ አድማ ወይስ ፍርድ ቤት?

የዝግጅት ክፍል ሰብሳቢ፦
ሰላም ወገኖች። የጃንዋሪው የወጣቶች ምሽት ዕቅድ እስከ እሑድ ለቦርዱ መግባት አለበት። የመነሻ ሐሳባችን ክርክር ነው። አንዱ ቡድን «በአሜሪካ የዘር መድልዎን ያፈረሰው ሰላማዊ ተቃውሞ ነው» ይላል፤ ሌላው «ፍርድ ቤት ነው» ይላል። ምን ትላላችሁ?

የታሪክ መምህርቷ፦
ርዕሱ ሰፋ። በአንድ ከተማ እናጥብበው፤ ሞንትጎመሪ፣ አላባማ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ጥቁሯ ሮዛ ፓርክስ የአውቶቡስ መቀመጫዬን ለነጭ አልለቅም ብለው ታሰሩ። በዚያው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን በሚያስተምሩበት ኮሌጅ «ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ» የሚል በሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ሲያባዙ አደሩ። ሰኞ አውቶቡሶቹ ባዶ ሆኑ ማለት ይቻላል። አድማው ከአንድ ዓመት በላይ ዘለቀ። የቤት ሠራተኞች በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ተመለሱ። የእኔ ድምፅ ለእነሱ ነው።

የሕግ ባለሙያው፦
እህቴ፣ የእነሱን ድካም ማን ይክዳል? ግን ከተማው እምቢ እንዳለ ነበር። አድማ መቺዎቹ መጀመሪያ የጠየቁትም ጥቁሮች ከኋላ፣ ነጮች ከፊት እየሞሉ እንዲቀመጡ፣ የተቀመጠ እንዳይነሣ ነው። በአውቶቡስ ነጭና ጥቁርን መለያየቱን ራሱን በክስ የተቃወመው ፍሬድ ግሬይ ነው፤ ያኔ ገና የ25 ዓመት ጠበቃ። የሮዛ ፓርክስ ጉዳይ በአላባማ ፍርድ ቤቶች ተይዞ ስለነበር ክሱን በሌሎች ሴቶች ስም ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወሰደው። ከእነሱ አንዷ ክላውዴት ኮልቪን ናት። ከሮዛ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ ከመቀመጫዬ አልነሣም ብላ ስትታሰር 15 ዓመቷ ነበር።

የወጣቶች ተወካይ፦
ጋሼ፣ እኛ ትምህርት ቤት ስለ ክላውዴት አልተማርንም። እሷ የግድ ትግባ! ግን ፍርድ ቤትም ሁሌ ከጥቁሮች ጋር አልነበረም። አድማው በቀጠለበት በ1956 የጥቁሮችን መብት ማኅበር፣ ኤንኤኤሲፒን፣ በአላባማ ያገደው ዳኛ ነው።

የታሪክ መምህርቷ፦
ልክ ነህ። ኖቬምበር 13 ቀን 1956ን ተመልከቱ። የአድማው መሪ ዶክተር ኪንግ ችሎት ተቀምጠዋል። ከተማው ጥቁሮች መኪና እየተጋሩ የሚሄዱበትን መጓጓዣ ለማሳገድ ከሷል። በመሐል አንድ ጋዜጠኛ ወረቀት አቀበላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶቡስ መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን፣ በፍሬድ ግሬይ ክስ የተሰጠውን ውሳኔ አጽንቷል። ያም ሆኖ በዚያው ቀን እግዱ ተሰጠ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ሞንትጎመሪ የገባው ዲሴምበር 20 ነው። እስከዚያ ሕዝቡ በእግሩ ሄደ።

የሕግ ባለሙያው፦
እዚህ ላይ እስማማለሁ። ከሳሾቹ መጀመሪያ አምስት ነበሩ፤ አንዷ ማስፈራሪያው ሲበዛባት ወጣች። የቀሩት አራቱ የጸኑት ሕዝቡ ከኋላቸው ስለቆመ ይመስለኛል። ክርክሩን አሸናፊ ለመምረጥ ባናደርገው ይሻላል።

የዝግጅት ክፍል ሰብሳቢ፦
እንግዲያው ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ወጣቶቹ ራሳቸውን ጃንዋሪ 31 ቀን 1956 ላይ አድርገው ይመክራሉ። የዶክተር ኪንግ ቤት በዋዜማው በቦምብ ተመትቷል። አድማው ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ጠበቃው በማግስቱ ልክሰስ ይላል። ከሳሽ ማን ይሁን? ለከሳሾቹ ጥበቃ ማን ያድርግ? ክሱ እስኪወሰን አድማው ይቀጥል ወይስ ይቁም?»

የወጣቶች ተወካይ፦
ይሄ አሪፍ ነው። የክላውዴትን ቦታ የ15 ዓመት ልጅ ትያዝ።

የሕግ ባለሙያው፦
ወላጆችም እንዲከታተሉ የክሱን ዋና ነጥቦች በአማርኛ እኔ አዘጋጃለሁ። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ቅዳሜ እልካለሁ።