ኤፌስ ፒልሰንና አናዶሉ ኤፌስ አንድ ክለብ ናቸው? ለሠልጣኞቼ በማወጋው ታሪክ ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ ከአዳማ

ለተከበራችሁ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በአዳማ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ዐሥራ ስምንት ታዳጊዎችን በሲሚንቶ ሜዳ ላይ አሠለጥናለሁ። በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት፣ የአንድ የውጭ ክለብ ታሪክ ለግማሽ ሰዓት ያህል አወጋቸዋለሁ፤ የመጪው ቅዳሜ ተራ የኢስታንቡሉ አናዶሉ ኤፌስ ነው። ማስታወሻዬን ሳዘጋጅ ግን እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ ነገሮች አጋጠሙኝ፤ ልጆቹ ደግሞ የተምታታ ነገር ሲሰሙ ዝም ብለው የሚያልፉ አይደሉም።

በቆዩ ጽሑፎች የ1996ቱን የኮራች ዋንጫ የወሰደው «ኤፌስ ፒልሰን» ነው፤ በአዲሶቹ ደግሞ «አናዶሉ ኤፌስ» ይባላል። አንድ ክለብ ናቸው ወይስ አንዱ በሌላው የተተካ ነው? ዋንጫውን ባነሣበት ፍጻሜ የመጨረሻውን ጨዋታ በ7 ነጥብ ተሸንፏል የሚልም አንብቤአለሁ፤ ተሸንፎ እንዴት ዋንጫ ይወስዳል? ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። በ2018 ከዩሮሊግ፣ ማለትም ከአውሮፓ ክለቦች ከፍተኛው ውድድር፣ ቡድኖች ሁሉ የመጨረሻ የሆነ ቡድን በ2021 እና በ2022 በተከታታይ ሻምፒዮን ለመሆን እንዴት በቃ? «ገንዘብ አፈሰሱ» ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈልግም፤ የእኔ ልጆች ገንዘብ ስለሌላቸው ከዚያ መልስ የሚወስዱት ነገር አይኖርም። በመጨረሻም ክለቡ ዋንጫውን እንደገና የማንሣት ተስፋ አለው ወይ ተብዬ ብጠየቅ ምን ልበል? ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ብትጽፉልኝ ከማስታወሻዬ ጋር ይገጥሙልኛል።

መልስ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከኢስታንቡል

መምህር፣ ክለቡ አንድ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። በ1976 የኤፌስ ቢራ ባለቤቶች ካድኮይስፖር የተባለውንና በሁለተኛው ዲቪዚዮን ይጫወት የነበረውን የኢስታንቡል ክለብ ተረክበው የቢራቸውን ስም ሰጡት። ወደ ከፍተኛው ሊግ ባደገበት የመጀመሪያ ወቅት፣ በ1979፣ የቱርክ ሻምፒዮን ሆነ፤ ዛሬ የሀገር ውስጥ ሊግ ዋንጫዎቹ 16 ደርሰዋል። በ2011 የአልኮል መጠጥን በስፖርት ማስተዋወቅን የሚገድብ ደንብ በቱርክ ሲወጣ የቢራው ስም ተነሥቶ የባለቤቶቹ የንግድ ቡድን መጠሪያ የሆነው «አናዶሉ» ገባ። «አናዶሉ» እኛ አናቶሊያ የምንለው ምድር የቱርክኛ ስም ነው። ስለዚህ በ1996 ዋንጫውን ያነሣው ክለብና ዛሬ የሚጫወተው ክለብ አንድ መሆናቸውን ያለ ስጋት ይንገሯቸው።

የኮራች ዋንጫ ከ1972 እስከ 2002 ድረስ ይካሄድ የነበረ፣ ከአውሮፓ ክለቦች ውድድሮች በደረጃው ሦስተኛ የሆነ ዋንጫ ነው፤ የተሰየመውም በ1969 በመኪና አደጋ ለሞተው የዩጎዝላቪያ ተጫዋች ለራዲቮይ ኮራች ነው። ፍጻሜው በደርሶ መልስ ይካሄድ ስለነበር የሚቆጠረው የሁለቱ ጨዋታዎች ድምር ነበር። ኤፌስ በኢስታንቡል የጣሊያኑን ሚላኖን 76 ለ68 አሸነፈ፤ ሚላኖ ላይ ደግሞ 77 ለ70 ተሸነፈ። ለልጆቹ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለቱን ውጤቶች አንዱን ከሌላው በታች ጽፈው ራሳቸው እንዲደምሩ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ 146 ለ145 ይመጣላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን የተገኘው የ8 ነጥብ ብልጫ በሁለተኛው ቀን 7ቱ ተበልቶ አንዷ ተረፈች፤ በቱርክ ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያው የአውሮፓ ዋንጫ የተገኘው በዚያች በአንዷ ነጥብ ነው። የሚላኖውን ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃዎች ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይመታል፤ የኤፌስ ተጫዋቾች በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ እየተሸነፉ በልባቸው በያዙት ሂሳብ ግን እየመሩ ነበር የሚጫወቱት፤ አንዲት የነጻ ውርወራ መሳት እንኳ ሂሳቡን ልታፈርሰው ትችል ነበር።

አሠልጣኙ አይዲን ኦርስ ነበሩ። ጨዋታውን የሚመራው የመቄዶንያው ፔታር ናውሞስኪ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር ኡፉክ ሳሪጃ፣ ታመር ኦይጉችና በ1999 ወደ አሜሪካው ሊግ ወደ ኤንቢኤ የገባ የመጀመሪያው የቱርክ ተጫዋች ለመሆን የበቃው ወጣቱ ሚርሳድ ቱርክጃን ነበሩ። ይህ ድል ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አልነበረም፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1993፣ ኤፌስ ቶሪኖ ላይ በተካሄደ የሌላ አውሮፓዊ ዋንጫ ፍጻሜ በግሪኩ አሪስ 50 ለ48 ተሸንፎ ነበር። በ2000 ተሰሎንቄ ላይ፣ በ2001 ደግሞ ፓሪስ ላይ በአውሮፓ ከፍተኛ ውድድር ከአራቱ የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ሆኖ በሁለቱም ሦስተኛ ወጣ።

መልስ፦ የቀድሞ ተጫዋች፣ ከሐዋሳ

ጋሼ፣ በ2018 ምን እንደ ተለወጠ እኔ ልሞክር፤ ይህን ቡድን ጨዋታ በጨዋታ ተከታትየዋለሁና።

በ2017/18 ኤፌስ ከ30 ጨዋታዎች 7ቱን ብቻ አሸንፎ ከ16 ቡድኖች 16ኛ ወጣ። አሠልጣኝ ኤርጊን አታማን የተቀጠሩት በዚያው ወቅት መሐል፣ በዲሴምበር 2017 ነው፤ ቡድኑ በእርሳቸውም እጅ ሆኖ መጨረሻ ወጣ፤ ክለቡ ግን አላባረራቸውም። ልጆቹ ይህን በደንብ ቢሰሙ ደስ ይለኛል። በክረምቱ እርሳቸው የሚፈልጉት ዓይነት ቡድን ተሠራ፤ ቫሲሊዬ ሚቺች ከሊቱዌኒያው ዛልጊሪስ፣ ሼን ላርኪን በተጠባባቂነት ይጫወት ከነበረበት ከኤንቢኤው ቦስተን፣ አድሪየን ሞርማን ከባርሴሎና፣ ሮድሪግ ቦቧ ከባስኮኒያ፣ ቲቦር ፕላይስ ከቫሌንሲያ መጡ። ክሩኖስላቭ ሲሞንና ብራያንት ደንስተን ቀድሞም ነበሩ። ገንዘብ አልወጣበትም አልልም፤ ነገር ግን በዚያ ክረምት ከነዚህ ውስጥ የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የሚጠራ አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጣም ቀላልና በጣም ብርቅ ነገር ነው፤ ሰዎቹን አልበተኗቸውም። በ2019 ቪቶሪያ ላይ ሌላውን የኢስታንቡል ክለብ ፌነርባህቼን በግማሽ ፍጻሜ 92 ለ73 ረትተው በፍጻሜው በሲኤስኬኤ ሞስኮ 91 ለ83 ተሸነፉ። በቀጣዩ ወቅት 24 ጨዋታ አሸንፈው 4 ብቻ ተሸንፈው ሳለ ወረርሽኙ መጣና ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ፤ ላርኪን በባየርን ሙኒክ ላይ 49 ነጥብ ያስቆጠረው በዚያ ወቅት ነው። በ2021 ተመልካች በሌለበት የኮሎኝ አዳራሽ ባርሴሎናን 86 ለ81 አሸንፈው ዋንጫውን አነሡ፤ ሚቺች 25፣ ላርኪን 21 ነጥብ አስቆጠሩ። ሻምፒዮኖቹ በደስታ ሲጮኹ ድምፃቸው ባዶ ወንበሮች ላይ እያስተጋባ ይመለስ ነበር። በ2022 ደግሞ ቤልግሬድ ላይ ሪያል ማድሪድን 58 ለ57 ረቱ።

አጨዋወታቸውን በእርስዎ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ማሳየት ይቻላል። ሚቺች ወይም ላርኪን ኳሱን ከላይ ይይዛል፤ ረጅሙ ተጫዋች መጥቶ በሰውነቱ የተከላካዩን መንገድ ይዘጋል፤ ሦስቱ ሌሎች ወደ ማዕዘኖቹና ወደ ጎን ወጥተው መሐሉን ባዶ ያደርጋሉ። ተከላካዮቹ ኳስ ያዡን ለማስቆም ሁለት ሆነው ሲወጡ ረጅሙ ነጻ ይቀራል። ፕላይስ 2 ሜትር ከ21 ሆኖ ከሩቅም የሚወረውር ስለሆነ፣ ትተውት ቢሄዱ ሦስት ነጥብ፣ ቢከተሉት ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር ክፍት ቦታ ይሰጣሉ፤ በቤልግሬዱ ፍጻሜ ከ58ቱ ነጥብ 19ኙ የእርሱ ነው። አራት ዓመት አብረው የደጋገሙት ይህንኑ ስለ ነበር በግማሽ ፍጻሜው ከኦሊምፒያኮስ ጋር 74 እኩል ሆነው የመጨረሻዋ ኳስ ስትቀር ማን እንደሚወስዳት የተወያየ አልነበረም። ሚቺች ወሰዳት፣ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ሆኖ ወረወራት፣ ኳሷ ስትገባ ሰዓቱ አለቀ።

መልስ፦ ሠራተኛ፣ ከአቡ ዳቢ

የሐዋሳው ወንድሜ ያለውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መምህር ለልጆቹ ዕድልንም ቢጨምሩላቸው እላለሁ። አንዲት ኳስ ወዲያ ብትዘነበል 58 ለ57 የማድሪድ ድል ይሆን ነበር።

ተስፋን በተመለከተ እኔ ጠንቃቃ ነኝ። በሜይ 2025 የዩሮሊጉ ማጠቃለያ እዚህ አቡ ዳቢ ስለ ተካሄደ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ገብቼ ነበር። የቱርክ ደጋፊዎች አዳራሹን ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ አልብሰውት ነበር፤ ቀለሙ ግን የፌነርባህቼ እንጂ የኤፌስ አልነበረም። ፌነርባህቼ ሞናኮን 81 ለ70 አሸንፎ ሁለተኛ ዋንጫውን ሲያነሣ ከኤፌስ ጋር እኩል ሆነ። ኤፌስን በዚያ ዓመት ከሩብ ፍጻሜ 3 ለ2 ያስወጣው ፓናቲናይኮስ ነው፤ አሠልጣኙም በ2023 ከኤፌስ የሄዱትና በ2024 ከግሪኩ ክለብ ጋር ዋንጫውን ያነሡት እኒያው ኤርጊን አታማን ናቸው። ሚቺችም በ2023 ወደ ኤንቢኤ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኤርደም ጃን፣ ቶሚስላቭ ሚያቶቪች፣ ሉካ ባንኪና ኢጎር ኮኮሽኮቭ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ተፈራርቀዋል። በ2018 ቡድኑ ከሁሉ መጨረሻ ሲሆን አሠልጣኙን የታገሠ ክለብ እንዲህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

መልስ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ከኢስታንቡል

የአቡ ዳቢው ወንድማችን ሐዘን የእኔም ነው፤ ቢሆንም ክለቡ መሠረቱ አልተናደም። ኤፌስ ዩሮሊጉን በባለድርሻነት ከሚያስተዳድሩት ጥቂት ክለቦች አንዱ በመሆኑ እንደ ሌሎች በየዓመቱ ለመግባት መጨነቅ አልነበረበትም። አሮጌው የአብዲ ኢፔክቺ አዳራሽ በነበረበት በዜይቲንቡርኑ በተሠራውና 10,000 ገደማ ተመልካች በሚይዘው አዲስ የቅርጫት ኳስ ማዕከል መጫወት ጀምሯል፤ ከግዙፉ የሲናን ኤርደም አዳራሽ ይልቅ እዚህ ደጋፊው ለሜዳው ስለሚቀርብ ጩኸቱ ይሰማል። ላርኪን የቱርክ ዜግነት አግኝቶ ሀገሪቱ በ2025 የአውሮፓ ሻምፒዮና ሁለተኛ ስትወጣ ተሰልፏል። ሄዶ ቱርክኦሉ፣ መህመት ኦኩርና ጄዲ ኦስማን ወደ ኤንቢኤ የሄዱት ከዚሁ ክለብ ነው፤ ወጣት የማፍራት ልማዱ የሚናቅ አይደለም።

ከባዱ ነገር ውድድሩ ራሱ መለወጡ ነው። ከ2025/26 ጀምሮ ቡድኖቹ 20፣ የምድብ ጨዋታዎቹ 38 ሆነዋል፤ ዱባይ የራሱ ቡድን ስላለው የገልፍ ወገኖቻችን ዩሮሊግን በቅርብ ማየት ይችላሉ። ኤንቢኤና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንም በማርች 2025 በአውሮፓ አዲስ ሊግ ለመመሥረት እንደሚያስቡ አስታውቀዋል። ስለዚህ ለልጆቹ የምለው፣ ተስፋው አለ፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ሳይሆን አንድ አሠልጣኝና አምስት ስድስት ተጫዋቾች ሦስት ዓመት አብረው እንዲቆዩ ሲፈቀድላቸው ነው።

ጠያቂው፦ ከአዳማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በግድግዳ ወረቀቱ ላይ የምጽፈውን ዐረፍተ ነገር እዩልኝ፦ «ኤፌስ በ1996 የኮራች ዋንጫን፣ በ2021 ደግሞ ከቱርክ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ ዩሮሊግን አሸነፈ።»

መልስ፦ የቀድሞ ተጫዋች፣ ከሐዋሳ

ጋሼ፣ ሁለተኛው ሐረግ ይታረም። ዩሮሊግን ከቱርክ መጀመሪያ ያሸነፈው በ2017 በአሠልጣኝ ዤልኮ ኦብራዶቪች የተመራው ፌነርባህቼ ነው፤ እዚያው ኢስታንቡል ኦሊምፒያኮስን 80 ለ64 ረቶ። ኤፌስ የመጀመሪያ የሆነው በሁለት ነገር ነው፤ በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ ወደ ቱርክ ያስገባ የመጀመሪያው የቅርጫት ኳስ ክለብ ነው፤ ዩሮሊግን በተከታታይ ሁለት ዓመት ያሸነፈ የመጀመሪያው የቱርክ ክለብም እርሱ ነው።

ጠያቂው፦ ከአዳማ

አርሜዋለሁ። ቅዳሜ መጀመሪያ ሁለቱን ውጤቶች ያለ ድምር ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዋንጫው ለማን ይገባል ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ከዚያም ወደ ሜዳ ወርደን ረጅሙን ልጅ መንገድ በማዘጋት እንጀምራለን።