ጥቆማ፦ የነጭ ደም ሴል ዝርዝርና የካልፕሮቴክቲን ምርመራ በመሃል አዲስ አበባ የት ይሻላል?

ጠያቂዋ፦ ወንድሜ ክሮንስ የሚባለው የአንጀት ብግነት ሕመምተኛ ሲሆን አዛታዮፕሪን የተባለውን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድና ነጭ ሴልን ሊቀንስ የሚችል መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ሐኪሙ ነጭ የደም ሴሎቹን በየዓይነታቸው የሚያሳይ የደም ቆጠራና የአንጀት ብግነትን ለማወቅ በሰገራ የሚሠራውን የካልፕሮቴክቲን ምርመራ አዞለታል። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባለው ክልል ሁለቱንም የሚሠራ ላቦራቶሪ የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የቸርችሉ፦ ሌላ ቦታ አይድከሙ። ፒያሳ ሲፈርስ ወደ ቸርችል ጎዳና የተዛወረው ላቦራቶሪ ይበቃዎታል። እናቴ ለስኳሯ ዐሥራ አንድ ዓመት የተመላለሰችው እዚያ ነው፤ ደም የምትቀዳው ሲስተር መርፌዋ አይታወቅም።

ባለ ልደታ፦ ጥያቄው ስለ ስኳር አልነበረም። ካልፕሮቴክቲን ይሠራሉ?

የቸርችሉ፦ አልጠየቅኋቸውም፤ የማይሠሩት ነገር ግን ያለ አይመስለኝም።

ከስታዲየም፦ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ላቦራቶሪ ባለፈው ዓመት ነጭ ሴሌ እጅግ ዝቅ ብሎ 1,900 ነው የሚል ወረቀት ሰጠኝ። እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር አደረ፤ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ሲደገም 5,200 ሆነ። ቀጂው ስልክ እያወራ ባለ ሐምራዊ ክዳኑን ብልቃጥ ሳያገላብጥ ጠረጴዛው ላይ ሲተወው አይቼው ነበር። ደሙ ረግቶ ኖሯል፤ ቁጥሩን ያሳነሰው እሱ ነው።

ባለ ልደታ፦ እኔንም እንዲሁ አንከራተውኛል። የትኛው እንደሆነ በውስጥ መስመር ይንገሩን።

ታዛቢ፦ እንግዲህ ጠያቂዋ እስካሁን ያገኙት ጥቆማ ስሙ ወዳልተጠራው ቦታ እንዳይሄዱ፣ መርፌዋ ወደማይታወቀው ሲስተር ግን እንዲሄዱ ነው። በዚህ ከተማ እንዴት እንደሚጠፋ እንጃ!

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ብዙ ቦታ ናሙና ተቀብሎ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ መላክ የተለመደ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ «እዚሁ ትሠሩታላችሁ ወይስ ትልካላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ካልፕሮቴክቲን ኒውትሮፊል ከሚባሉት ነጭ ሴሎች የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ በአብዛኛው አንጀት ላይ ጉልህ ብግነት የለም፣ ከ250 በላይ ከሆነ ግን ሕመሙ መነሣቱን ያመለክታል። ይሁንና የሕመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክም ሆነ የአንጀት ኢንፌክሽን ቁጥሩን ከፍ ስለሚያደርጉት፣ ወንድምዎ ለራስ ምታት የዋጠውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ብግነት የሚያበርደውን ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ከሆነም በደም ውስጥ ያለው ኒውትሮፊል ይጨምራል። በሌላ በኩል በእኛ አገር ሰው ዘንድ ያለ ምንም በሽታ፣ በተፈጥሮ ኒውትሮፊሉ ዝቅ ያለ ጤነኛ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የአሁኑ ቁጥር አዛታዮፕሪን ከመጀመሩ በፊት ከተሠራው ጋር ይተያይ፤ ቢቻል ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ይሠራለት። ቁጥሩ ዝቅ ቢልም መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የድሮውን ወረቀት ከቁም ሣጥን ሥር እየፈለግን ነው።

ባለ ልደታ፦ ታዲያ የት ሊወስዱት ወሰኑ?

የቸርችሉ፦ ሲስተሯን ጠየቅኋት፤ ካልፕሮቴክቲንን ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚልኩት። ቢሆንም እነሱው ይሻላሉ።