ፐልስድ ፓወር የሚያውቅ ሰው አለ? ለመመረቂያ ልሠራበት አስቤ ነበር

የቦርከና ልጅ
ሰላም ናችሁ። ኮምቦልቻ የኤሌክትሪካል ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ማስገቢያው ደርሷል። ሰሞኑን አሜሪካ ላቦክ ከተማ ያለው ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ለፐልስድ ፓወር ራሱን የቻለ የምርምር ማዕከል እንዳለው አየሁና ስለሱ ሳነብ አደርኩ። ተማሪዎቹ የሚሠሩት ያስቀናል። ዶርም ውስጥ ሳወራው ግን "እኛ መብራቱ እንዳይጠፋ ነው የምንጸልየው፣ ምን ፐልስ አመጣው" ተባልኩ። እውነት ይሄ ነገር ከቦምብና ከመሣሪያ ሌላ ጥቅም አለው? ከዚህ ተነስቶስ እዚያ መማር ይቻላል? ደግሞ እዚህ ያለኝ መልቲሜትርና ላፕቶፕ ነው፣ በምን ልጀምር?

ጦሳ ሥር
ወንድሜ አብሽር፣ ሸጋ ጥያቄ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ አሁን ውጭ አገር በሃይ ቮልቴጅ ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነው።

ፐልስድ ፓወር ማለት ዕቁብ ነው። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትጥላለህ፣ ዕጣው ሲደርስህ ባንዴ ታነሳለህ። ገንዘቡ አልጨመረም፣ ባንዴ መምጣቱ ነው ቤት የሚያሠራህ። እዚህም ካፓሲተሩን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ) ቀስ ብለህ ትሞላዋለህ፣ ከዚያ በሰከንድ ሚሊዮንኛ ወይም ቢሊዮንኛ ውስጥ ትለቀዋለህ።

በምጣድ ላስረዳህ። እናቴ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሁለት ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ስትጋግር ወደ 22 ሜጋ ጁል ትጨርሳለች። ኒው ሜክሲኮ ሳንዲያ ቤተ ሙከራ ያለው ዜድ ማሽን ለአንድ ተኩስ የሚያጠራቅመው ያንኑ ያህል ነው! አንድ ምጣድ እንጀራ በለው። ግን መንገድ ላይ ከሚባክነው የተረፈውን በ100 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ስለሚለቀው ኃይሉ 80 ትሪሊዮን ዋት ይደርሳል፣ ከረንቱ ደግሞ 26 ሚሊዮን አምፔር። ህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ማሽኑ ለዚያች ቅጽበት ከ15 ሺህ ህዳሴ ይበልጣል ማለት ነው። ዓይንህን ሳትጨፍን ያልቃል እንጂ።

አሠራሩ ደግሞ ከሚመስልህ ይቀላል። ኤርዊን ማርክስ የሚባል ጀርመናዊ ኢንጂነር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያመጣው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። አሥር ካፓሲተር ጎን ለጎን አገናኝተህ እያንዳንዱን 5 ሺህ ቮልት ትሞላለህ፣ ከዚያ በእሳት ብልጭታ እንደ ሰንሰለት አቀጣጥለህ ስትለቃቸው ወደ 50 ሺህ ቮልት ይወጣሉ።

ወደ ላቦክ ስንመለስ፣ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የፐልስድ ፓወር ጉባኤ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያው ነው፣ የዋዛ ቦታ አይደለም። የተማሪ ስኬት ሲባል ግን ትልቅ ፍንዳታ አትጠብቅ። አንዱ ሦስትና አራት ዓመት የሚፈጀው አንዲት ስዊች ላይ ነው። ሌላው ቫኪዩም ውስጥ ብልጭታ በኢንሱሌተር ገጽ ላይ ለምን እንደሚሳብ ሲለካ ይከርማል። የለካውን ጽፎ ጉባኤ ላይ ያቀርባል፣ ሲጨርስ እንደ ሳንዲያና ሎስ አላሞስ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ይፈልጉታል። አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ሙያው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ማንም ሳይነግረኝ ዘግይቼ ነው የገባኝ። አሜሪካ በዚህ መስክ ያለው ገንዘብ ብዙው የመከላከያ ነው፣ ስለዚህ አንዳንድ ፕሮጀክቶች ዜግነት ይጠይቃሉ። ከማመልከትህ በፊት ለፕሮፌሰሩ ኢሜል ጽፈህ "የውጭ ተማሪ የሚሠራበት የትኛው ነው?" በል። ጃፓን ኩማሞቶን፣ ጀርመን ካርልስሩኸን፣ አሜሪካም ቢሆን ቨርጂኒያ ኦልድ ዶሚኒየን ዩኒቨርሲቲን እይ። የኋለኛው ፐልስ በሕዋስ ላይ የሚያደርገውን ነው የሚያጠናው፣ ከመሣሪያ ጋር አይነካካም።

ሐይቅ ዳር
ኧረ ወዲያ። ከዚህ ሁሉ ስለ ትራንስፎርመር ብትሠራ አይሻልም? ሰፈራችን በመብረቅ የተቃጠለው እስኪቀየር ስንት ጊዜ በሻማ አመሸን።

ጦሳ ሥር
@ሐይቅ ዳር ራስህ መለስከው እኮ። ትራንስፎርመር ከፋብሪካ ሲወጣ መብረቅ ይችል እንደሆነ የሚፈተነው በዚሁ በማርክስ ጀነሬተር ነው። ሰው ሠራሽ መብረቅ ይለቁበታል፣ በ1.2 ማይክሮ ሰከንድ ጫፍ ደርሶ በ50 ግማሽ የሚሆን።

ሌላም አለ። የኩላሊት ጠጠር ያለ ቀዶ ጥገና መሰባበር እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ ሲጀመር ውኃ ውስጥ በሚለቀቅ ብልጭታ ነበር። የድንች ጥብስ የሚያመርቱ ፋብሪካዎችም ድንቹን ከመቁረጣቸው በፊት በፐልስ ይመቱታል፣ የሕዋሱ ስስ ሽፋን ይበሳና ድንቹ ሳይሰባበር ለቢላው ይለሰልሳል። ጃፓን ኢዋቴ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እንጉዳይ የሚበቅልበትን ግንድ በከፍተኛ ቮልቴጅ እየመቱ ምርት ጨምረዋል። የእኛ ሰው የጅብ ጥላ ብሎ የሚያልፈውን ማለቴ ነው 😄

ፒያሳ ጥገና
እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ደሴ ፒያሳ ሃያ ዓመት ቲቪና ማይክሮዌቭ ጠግኛለሁ። ልጄ፣ በካፓሲተር አትቀልድ። አንድ ረመዳን ከአፍጥር በፊት እየተጣደፍኩ የአንዲት ደንበኛ ማይክሮዌቭ ከፈትኩ። ከሶኬት ነቅዬዋለሁ፣ አምኜዋለሁ። ውስጡ ያለው ካፓሲተር 2 ሺህ ቮልት አካባቢ ይይዛል፣ ባዶ ነው ብዬ ነካሁት። ወላሂ ክንዴን በመጥረቢያ ጀርባ የመቱኝ ነው የመሰለኝ። ወንበሩን ይዤ ወደ ኋላ ወደቅኩ፣ ጣቴ ላይ ነጭ ነጥብ ቀርታ ነበር። ከዚያ በፊት ፊት ለፊት በካቻቪቴ ነበር የማራግፈው፣ ካቻቪቴዋ ጫፏ ተበልቶ አሁንም አለች። ዛሬ በሬዚስተር ነው የማራግፈው፣ ጥቂት ጠብቄ በሜትር እለካለሁ፣ ከዚያም እንደገና እለካለሁ። አንድ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ።

የቦርከና ልጅ
ጋሼ እግዜር ያትርፍዎ፣ ሳነበው ራሴ ክንዴን ያዝኩ። @ጦሳ ሥር የዕቁቡን ነገር ለአማካሪዬ ልነግረው ነው። (ደግሞ እህት ነኝ፣ ወንድም አይደለሁም 😅)

እና እንዲህ ባደርግስ? አምስት ደረጃ ማርክስ በኤልቲስፓይስ (ሰርኪዩት በኮምፒውተር የሚሞከርበት ፕሮግራም) ላፕቶፔ ላይ፣ ከዚያ በብልጭታ ፋንታ በሞስፌት (እንደ ስዊች የሚሠራ ትራንዚስተር) የሚቀያየር፣ በ12 ቮልት የሚሞላ ትንሽዬ። በሐሳብ 60 ቮልት መውጣት አለበት። ስንቱ እንደሚጎድልና የት እንደሚጠፋ መለካት ብቻውን ፕሮጀክት አይሆንም?

ጦሳ ሥር
ይቅርታ እህቴ 🙈 ይሆናል እንጂ! ዋናው ፕሮጀክት ያ ነው። እያንዳንዱ ሞስፌት የራሱ ከፍታ ላይ ስለሚቀመጥ ማብሪያ ሲግናሉን በኦፕቶካፕለር (ሲግናልን በብርሃን የሚያሻግር ዕቃ) ለይተሽ ስጪው፣ ሁሉም ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጁ በየቅጽበቱ ሲለዋወጥ በስክሪን የሚያሳየው) ግን ግድ ነው፣ መልቲሜትር ይሄን ፍጥነት አያይም።

ሐይቅ ዳር
እሺ ተሸንፌያለሁ። ድንቹን የምትመቺ ቀን ጥሪኝ።

የቦርከና ልጅ
ኦሲሎስኮፑን ከላብ አስፈቅዳለሁ። ጋሼ፣ የማራገፊያ ሬዚስተርና ከአሮጌ ቦርድ የወጣ ሞስፌት ካለዎት ቅዳሜ በሚኒባስ ልምጣ፣ ሱቁ እስከ ስንት ሰዓት ነው?

ፒያሳ ጥገና
እስከ 11። ካርቶን ሙሉ አለልሽ፣ መርጠሽ ትወስጃለሽ። ቀለበት ካደረግሽ አውልቀሽ ነይ።