ፍለተር ከፊት፣ ረስት ከኋላ፦ ስም ሲፈለግ ስታክ ያደርጋል

ባለማሾ፣ ሸዋ ሮቢት፦
ሰላም ለቤቱ። የማሾ ርክክብ መመዝገቢያ አፕ ነው፤ ያለ ኔትወርክ መሥራት አለበት። ገጽታው በፍለተር (የአፕ ገጽታ መሥሪያ)፣ ሒሳቡና ዳታቤዙ በረስት (የፕሮግራም ቋንቋ) ነው። ከ4,000 ገበሬ ስም ሲፈለግ ስክሪኑ ስታክ ያደርጋል። አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ ደግሞ ገና ሲከፈት ይዘጋል። ምን ላይ ልይ?

ኮደር፣ ደብረ ብርሃን፦
ስታክ የሚያደርገው ፍለጋው ገጽታውን በሚስለው ትሬድ (የሥራ መስመር) ላይ ስለሚሄድ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ለማሳየት ለአንዱ ፍሬም ያለህ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ፍለጋው 200 ሚሊሰከንድ ከወሰደ 12 ፍሬም ተዘለለ፤ የረስት ፍጥነት ከዚህ አያድንህም። ጥሪውን ወደ ሌላ ትሬድ አውጣው። ፊደል በተነካ ቁጥርም አትጥራ፣ ጣት ካረፈ 300 ሚሊሰከንድ ቆይተህ ጥራ። የሚመለሰው 30 ረድፍ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተራ ቁጥር ስጠው፤ ያለዚያ የ«አበ» መልስ ዘግይቶ መጥቶ የ«አበበ»ን ይሸፍነዋል።

ስልክ ጠጋኝ፣ ደብረ ሲና፦
መዘጋቱ የ32 ቢት ጉዳይ ይመስላል። ኤፒኬው (የአፑ መጫኛ ፋይል) ዚፕ ነው፤ ክፈተውና «ሊብ» ፎልደሩን እይ። ከአርም 64 (ለ64 ቢት ስልክ) ጎን አርም ቪ7ኤ (ለ32 ቢት) ከሌለ አሮጌው ስልክ የረስቱን ላይብረሪ አያገኘውም። ረስቱን ለሁለቱም ኮምፓይል አድርግ።

ኮደር፣ ደብረ ብርሃን፦
አንድ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። በዩቲኤፍ 8 (ፊደል በባይት የሚቀመጥበት ሥርዓት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ «ደበበ» 9 ባይት ይሆናል። ረስት ውስጥ ረጅም ስምን በ10ኛው ባይት ላይ ከቆረጥክ ፊደል መሀል ትገባለህ፣ ፕሮግራሙም ፓኒክ ያደርጋል (ተሰናክሎ ይቆማል)። በላቲን ፊደል ሲሞከር ይህ ፈጽሞ አይታይም። በባይት ሳይሆን በፊደል ቁረጥ። ለፍለጋ ደግሞ ሌላ ዓምድ ያዝና ሐ፣ ኀ እና ሀን፣ ሠ እና ሰን፣ ዐ እና አን፣ ፀ እና ጸን ከነእርባታቸው አንድ አድርግ። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ግን ገበሬው እንደጻፈው ይሁን፤ የሰው ስም አይታረምም። ቀን መቁጠሪያውንም ረስቱ ውስጥ አድርገው፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ቀን አላት፣ እንደ 2015።

ባለማሾ፣ ሸዋ ሮቢት፦
ዚፑን ከፈትኩት፣ ቪ7ኤ የለም። ኩንታሉንና ብሩን ነጥብ ባለው ቁጥር ነው የያዝኩት፤ ልለውጠው?

ስልክ ጠጋኝ፣ ደብረ ሲና፦
ለውጠው። ክብደቱን በግራም፣ ብሩን በሳንቲም፣ ሁለቱንም በሙሉ ቁጥር። 0.1 እና 0.2 ተደምረው ልክ 0.3 አይወጡም፤ ድምሩ ሲበዛ ሳንቲም ሊጎድል ይችላል። ነጥቡን ፍለተሩ ሲያሳይ ብቻ ያስገባው።