ክብን ስድስት ቦታ እኩል መክፈል አቃተን፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ መምህራን። የ4ኛ ክፍል መምህር ነኝ፤ 58 ልጆች አሉኝ። ሲሜትሪን (ቅርጽ ሲታጠፍ ወይም ሲዞር ልክ መገጣጠሙን) በመሶብ ጥለት ላስተምር ብዬ አንድ የመሶብ ክዳን ይዤ ገባሁ። ቀለማችን በውሃ የተበጠበጠ እርድ ነው። የሳሙና ውሃ ሲነካው ቢጫው ወደ ቀይ ስለሚለወጥ ሳይንሱም አብሮ ተካተተ፤ ልጆቹ ሲያዩት ጮኹ!

ክብ ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፈን ስንዘረጋው 8 እኩል ክፍል ወጣ። ችግሩ የመጣው አንዷ ልጅ ክዳኑን እያዞረች የሚደጋገመውን ጥለት ቆጥራ «ቲቸር፣ ይሄ'ኮ ስድስት ነው» ስትለኝ ነው።

ሬዲየሱ (ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት) በኮምፓስ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲለካ በክቡ ዙሪያ ልክ ስድስት ጊዜ እንደሚገባ አውቃለሁ። ግን ለክፍሉ ያለን ኮምፓስ አንድ ብቻ ስለሆነ በክርና በእርሳስ ሞከርን። ክሩ እየተሳበ የመጨረሻው ምልክት መነሻው ላይ አላርፍ አለ፤ የአንዳንዶቹማ ጣት ያህል አለፈ። ጥለታቸው ሲዛነፍ ሥራቸውን በእጃቸው የሸፈኑ ልጆች ነበሩ፤ አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው።

በክር ፋንታ ቁራጭ ካርቶን ሁለት ቦታ በስቼ ብጠቀም ይሻላል? ወይስ በማጠፍ ብቻ 6 ያወጣችሁ አላችሁ? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ሐሙስ ደግሜ እገባለሁ።