ኦቶማቲክ ካምቢዮ የሚገጥም ሰው ድሬ ላይ ጠቁሙኝ

የሳቢያን ልጅ፦ ሰላም ድሬዎች። የኮሮላ ኤክስኪዩቲቭ ካምቢዮ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ይንሸራተታል። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እያስመጣሁ ነው። ማን ይግጠምልኝ? ሲገጠምስ ቆሜ ምን ምኑን ልይ?

ከዚራ፦ አቦ የኔ ሰውዬ ጋ ውሰደው። አባቴም እሱ ጋ ነበር የሚያሠሩት። ሌላ ቦታ እንዳትሄድ።

ነምበር ዋን፦ አባትህ የነበራቸው ፔጆ 404 ነው። ያ በእጅ ማርሽ ነው ወዳጄ።

ከዚራ፦ እጁ ወርቅ ነው አልኩህ! ፔጆ የሠራ ኮሮላ ያቅተዋል?

ቀፊራ፦ እኔን ያየህ ተቀጣ። አንድ ጋራዥ፣ ስሙን አልጠራም፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር አልገጥም ሲለው በቡሎን ጎትቶ አስገባው። መሃሉ ሁለት ጣት ያስገባ ነበር። በቁልፍ እያጠበቀ ዘጋው። ሞተሩ ሲነሳ ቋ! የካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ተሰበረ። "ድሮም የሞተ ካምቢዮ ነው ያመጣኸው" ብሎኝ የእጁን ተቀበለኝ።

ነምበር ዋን፦ ስሙን ጥራ እንጂ!

ገንደ ቆሬ፦ ድልድዩ ጋ ያለው ነው አይደል?

ቀፊራ፦ አልጠራም አልኩ።

ባለባጃጅ፦ ይቅርታ፣ የባጃጅ ፍሪሲዮን የሚሠራስ ታውቃላችሁ?

የሐረር መካኒክ፦ የቀፊራው ወንድሜ ነገር ግልጽ ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ፣ ካምቢዮው ውስጥ ጠልቆ ሳይቀመጥ ነው የገጠመው። እየገፉ ሲያዞሩት ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ደረጃ በደረጃ ይገባል። አንዷ ቀጭ ከቀረች ፓምፑ አለቀለት። በትክክል ከገባ ካምቢዮው በእጅ ግፊት ብቻ ከሞተሩ ጋር ይገጥማል፤ ቡሎን የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ተገጥሞም ኮንቨርተሩ በእጅ መዞር አለበት። ካልዞረ አስቁመው።

የራዲያተሩን የካምቢዮ ዘይት መስመርም ያሳጥብልህ። አሮጌው ካምቢዮ የፈጨው ብረት እዚያ ተቀምጦ አዲሱን ይጠብቃል። ካምቢዮው ወርዶ ሳለ የሞተሩን የኋላ ኦይል ሲል ቀይር። ርካሽ ዕቃ ናት፤ በኋላ ካፈሰሰች ግን እንደገና ማውረድ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ ዘይት ላይ ብዙ አትጨነቅ። ቀይ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው።

የሐረር መካኒክ፦ ቀይ ወጥም ቀይ ነው፣ እሱን ሙላበት። የኤክስኪዩቲቭ ኦቶማቲክ ቶዮታ ቲ-ፎር ነው የሚጠጣው። ልኩን ደግሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ ነው የምታየው። በብርዱ አይተህ ብትሞላ ሲሞቅ ይበዛብሃል።

ነምበር ዋን፦ ሐረር ውሰደው በለው እንግዲህ፣ ደንገጎን እየገፋ።

የሐረር መካኒክ፦ ኧረ እዛው ድሬ ያሠራ። ሥራ ለምኜ አይደለም።

የሳቢያን ልጅ፦ እናንተ ልጆች፣ ተባረኩ። ካምቢዮው ነገ ይገባል።

ቀፊራ፦ ታዲያ ማን ጋ ልትወስደው ነው?

ከዚራ፦ የኔ ሰውዬ ጋ ነዋ!